የአንዲት አምፖል ውለታ

ሳይን ሞገድ በእኩል ጊዜ እየተመላለሰ፣ ያለ አንዳች ስብራት ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ታች የሚወርድና በውስጡ አንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ያለው ሞገድ ሲሆን፣ ፍሪኩዌንሲ የሚባለው ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ የሚናገረው ቁጥር ነው፤ መለኪያውም ሄርትዝ ይባላል። በዙሪያችን የሚሰማው ድምፅ ግን እንዲህ ብቸኛ አይደለም። ክራርና ማሲንቆ በአንድ ቅኝት አንዲት ድምፅ ቢያሰሙ ጆሮ ሳይቸገር የሚለያቸው፣ ከመሠረታዊው ፍሪኩዌንሲ በላይ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ እያሉ የሚደረደሩት ሃርሞኒክ የሚባሉ አጃቢ ድምፆች በአንደኛውና በሌላኛው መጠናቸው ስለሚለያይ ነው። ለሙዚቀኛው ሃርሞኒክ የመሣሪያው ወዝ ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን ዕዳ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ማጉያ የተሰጠውን ንጹህ ሳይን ሞገድ ሲያጎላ ያልተሰጠውን ሃርሞኒክ ከጨመረበት፣ ያ ጭማሪ መዛባት ተብሎ በመቶኛ የሚለካ የማጉያው ጉድለት ነው። ይህን ጉድለት ለመለካት መጀመሪያ የሚገባው ሞገድ ራሱ ንጹህ መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ሥራው በሚያፈስ ቁና እህል እንደመስፈር ይሆናል። የሬዲዮ፣ የስልክና የድምፅ ቀረጻ ሥራ በተስፋፋበት በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ንጹህ ሞገድ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ማለትም ዝቅተኛ መዛባት ያለው ኦሲሌተር፣ በብርቱ ቢፈለግም በርካሽ አይገኝም ነበር።

እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ ድረስ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ላቦራቶሪዎች በዋናነት የሚጠቀሙት በሁለት መንገዶች ነበር። አንደኛው ከሬዲዮ ሥራ የተወረሰው ሲሆን፣ የሽቦ ጥቅልንና ካፓሲተርን፣ ማለትም ኤሌክትሪክን አጠራቅሞ መልሶ የሚለቀውን ዕቃ፣ አጣምሮ በሁለቱ መካከል ኃይሉን እያመላለሰ ማስተጋባት ነው። በሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ጣት የሚያክል ጥቅል የሚበቃው ይህ ዘዴ ጆሮ ወደሚሰማው ክልል ሲወርድ እየከበደ ይሄዳል፤ 100 ሄርትዝ ለማግኘት 1 ሄንሪ የሚሆን ጥቅል ከ2.5 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጋር መጋጠም ሲኖርበት፣ እንዲህ ያለው ጥቅል በብረት እምብርት ላይ የሚጠመጠም ከባድ ዕቃ ከመሆኑም በላይ ብረቱ ራሱ መዛባትን ይጨምራል። ሁለተኛው መንገድ የሁለት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎችን ልዩነት መውሰድ ነበር፤ አንዱ ኦሲሌተር በ100,000 ሄርትዝ ላይ ተተክሎ ሌላው በ99,000 ላይ ቢሠራ፣ ሁለቱ ሲደባለቁ 1,000 ሄርትዝ ይወጣል። ዘዴው በአንድ ማዞሪያ ሰፊ ክልል ስለሚያዳርስ ተወዳጅ ነበር፤ ችግሩ ግን ከሁለቱ አንዱ በሙቀት ምክንያት በሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢንሸራተት ልዩነቱ በ100 ሄርትዝ ስለሚዛነፍ፣ 100 ሄርትዝ የሚፈልገው ሰው ሁለት እጥፉን ወይም ባዶ ማግኘቱ ነው። ይህን ለመከላከል የሚደረገው ሽፋን፣ ማጣሪያና ጥንቃቄ የመሣሪያውን ዋጋ ወደ መቶዎች ዶላር ያደርሰው ነበር።

ከጥቅል ነጻ የሚያወጣው ቁልፍ ግን ከተሠራ ብዙ ዓመት አልፎት ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ቪን በ1891 ባሳተመው ጥናት የካፓሲተርንና የሽቦ ጥቅልን ባሕርይ ለመለካት አዳዲስ የድልድይ ወረዳዎችን (ወረዳ ኤሌክትሪክ የሚዞርበት የዕቃዎች ቅንጅት፣ ማለትም ሰርኪዩት ነው) አቅርቧል። በዚህ ሙያ ድልድይ የሚባለው አራት ክንዶች ያሉት፣ ክንዶቹ ሲመዛዘኑ በመካከላቸው ምንም ኤሌክትሪክ የማያልፍ ወረዳ ነው። ከቪን ድልድዮች አንዱ በአንድ ክንድ ላይ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገታ ዕቃ) እና ካፓሲተር በተከታታይ፣ በሌላው ክንድ ላይ ደግሞ እነዚያኑ በጎንዮሽ ያጋጥማል። የዚህ ቅንጅት ልዩ ባሕርይ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ብቻ የሚገባውንና የሚወጣውን ሞገድ ያለ ምንም መዘግየትም ሆነ መቅደም አብሮ ማራመዱ ነው፤ በዚያ ነጥብ ላይ የሚወጣው ሞገድ ከገባው ልክ ሲሶ ይሆናል። ቪን ከዚህ ኦሲሌተር ሊሠራ አይችልም ነበር፤ የቀነሰውን ሲሶ መልሶ ሦስት እጥፍ የሚያደርግ የኤሌክትሮኒክስ ማጉያ በ1891 በዓለም ላይ አልነበረም። ድልድዩ የሠሪውን ስም ይዞ ከአርባ ዓመታት በላይ በመለኪያነት ብቻ ሲያገለግል ኖረ።

ማጉያው ሲመጣ ደግሞ የራሱን ጣጣ ይዞ መጣ። በቫኪዩም ቲዩብ፣ ማለትም አየር በወጣለት ብርጭቆ ውስጥ ኤሌክትሮኖችን በሚቆጣጠር ዕቃ፣ የተሠሩ ማጉያዎች ከከተማ ወደ ከተማ በሚዘረጋው የስልክ መስመር ላይ በየርቀቱ ተተክለው ድምፁን ሲያበረቱት፣ የእያንዳንዱ ጥቂት መዛባት በሌላው ላይ እየተደረበ መጨረሻ ላይ የሚናገረው ሰው ቃል አይለይም ነበር። የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ ነሐሴ 2 ቀን 1927 በሃድሰን ወንዝ ላይ በጀልባ ወደ ሥራው ሲሻገር በያዘው ጋዜጣ ገጽ ላይ የነደፈው መፍትሔ፣ ማጉያው ካወጣው ሞገድ ጥቂቱን ገልብጦ ወደ መግቢያው መመለስ ነበር። አሉታዊ ግብረ መልስ የተባለው ይህ ዘዴ ጉልበትን ሰውቶ እውነተኝነትን ይገዛል፤ ማጉያው የገዛ ስሕተቱን እየሰማ ስለሚያርም መዛባቱ በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ሐሳቡ ብዙዎችን አላሳመነም ነበርና የብላክ የፈጠራ መብት የተረጋገጠለት ከዘጠኝ ዓመታት በላይ ቆይቶ በ1937 መጨረሻ ላይ ነው።

ኦሲሌተር በመሠረቱ የገዛ ድምፁን መልሶ የሚሰማ ማጉያ ነው፤ በስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚነሳው ጩኸት የዚሁ ነገር ጋጠ ወጥ መልክ ነው። ዙሩን ጨርሶ የሚመለሰው ሞገድ ከወጣው ካነሰ ድምፁ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ከበለጠ በየዙሩ እያደገ ሄዶ ከማጉያው ጣሪያ ጋር ይላተምና አናቱ ይቆረጣል፤ የተቆረጠ አናት ደግሞ በሃርሞኒክ የተሞላ ሞገድ ነው። ንጹህ ሞገድ የሚገኘው የሚመለሰው ከሚወጣው ጋር ልክ እኩል በሚሆንበት ነጥብ ላይ ብቻ ሲሆን፣ በቪን ድልድይ ይህ ነጥብ የማጉያው ኃይል፣ ማለትም የሚያጎላበት እጥፍ፣ በትክክል ሦስት ሲሆን ማለት ነው። 2.99 ቢሆን ሞገዱ ይጠፋል፤ 3.01 ቢሆን ይቆረጣል። ሙቀት፣ እርጅናና የኃይል መዋዠቅ ባሉበት ዓለም ማናቸውም ዕቃ በዚያ ነጥብ ላይ በራሱ ቆሞ ስለማይገኝ፣ ሞገዱ ሲያድግ የሚቀንስ፣ ሲያንስ የሚጨምር ጠባቂ የግድ ያስፈልጋል። ይህ ጠባቂ ቀርፋፋ መሆን አለበት። ፈጣን ከሆነ እያንዳንዱን ሞገድ ገና ሲወጣ ይጫነዋል፣ ሲወርድ ይለቀዋልና፣ ከመዛባት እንዲጠብቅ የተቀመጠው ራሱ ያዛባዋል። የዝቅተኛ መዛባት ኦሲሌተር ታሪክ በአብዛኛው የዚህ ጠባቂ ፍለጋ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1938 ነገሮች በአንድ ላይ ገጠሙ። በየካቲት ወር ሄርሞን ስኮት የተባለው የጄኔራል ሬዲዮ ኩባንያ መሐንዲስ በሬዚስተሮችና በካፓሲተሮች ብቻ አንድን ፍሪኩዌንሲ ለይቶ የሚይዝ ወረዳና ከዚያ የሚሠራ ኦሲሌተርን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ፤ ማክስ ቪን ያረፈውም በዚያው ወር ነበር። በጥቅምት ደግሞ የቤል ላቦራቶሪው ላርነድ ሚቻም በኳርትዝ ክሪስታል ለሚሠራ ኦሲሌተር ጠባቂ አድርጎ አንዲት ትንሽ አምፖልን በድልድይ ክንድ ላይ ማስገባቱን አስታወቀ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ፍሬድሪክ ተርማን ሥር የሚማረው ዊልያም ሄውሌት እነዚህን ክሮች አንድ ላይ ፈተለ፤ የቪንን ድልድይ፣ የብላክን ግብረ መልስና የሚቻምን አምፖል አጣምሮ በ1939 ለመመረቂያ ያቀረበው ጽሑፍ አዲስ ዓይነት የሬዚስተርና የካፓሲተር ኦሲሌተር የሚል ርእስ ነበረው።

አምፖሏን በቅርብ ማየት ተገቢ ነው። በውስጧ ያለው የተንግስተን ክር ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ሲሞቅ ግን ይቃወማል፤ ቦግ ብሎ በሚበራበት ሙቀት ተቃውሞው ከቀዝቃዛው አሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በሄውሌት ወረዳ ውስጥ አሉታዊው ግብረ መልስ በአንድ ሬዚስተርና በአምፖሏ መካከል ተከፋፍሎ ይመለሳል፤ ሬዚስተሩ የአምፖሏን ተቃውሞ ሁለት እጥፍ ሲሆን የማጉያው ኃይል ልክ ሦስት ይሆናል። ማብሪያው ሲጫን ክሩ ቀዝቃዛ ነውና ኃይሉ ከሦስት ይበልጣል፣ ሞገዱም ያለ አስነሺ ይነሳል፤ እያደገ ሲሄድ በክሩ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ክሩን ያሞቀዋል፣ ተቃውሞው ይጨምራል፣ የሚመለሰው ግብረ መልስ ይበረታል፣ ኃይሉም ወደ ሦስት ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሞገዱ ጥቂት ቢያድግ ክሩ ይሞቅና ይገታዋል፤ ጥቂት ቢያንስ ይቀዘቅዝና ይለቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ክሩ በዓይን የሚታይ ብርሃን ሳይሰጥ ነው፤ ከታሰበላት ኃይል በጣም ባነሰ ስለምትሠራ አምፖሏ በተግባር አትቃጠልም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ስንፍናዋ ነው። 1,000 ሄርትዝ ያለው ሞገድ አንድ ዙር የሚጨርሰው በሺህ አንድ ሴኮንድ ሲሆን፣ በዚህች ቅጽበት ውስጥ ክሩ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ጊዜ አያገኝም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሞገድ ተራ ሬዚስተር ነው፣ ለሞገዶቹ አማካይ ቁመት ግን ጠባቂ ነው። ለሌላ ሥራ እንከን የሚሆነው መዘግየት እዚህ ዋናው ሙያ ሆነ፤ ያም በጥቂት ሳንቲም ተገዛ።

ወረዳው ሌላም ጸጋ ነበረው። በጥቅልና በካፓሲተር ሥርዓት ፍሪኩዌንሲው የሚለወጠው በካፓሲተሩ ስኩዌር ሩት ልክ ስለሆነ፣ የሬዲዮ ጣቢያ መምረጫው ተለዋዋጭ ካፓሲተር አሥር እጥፍ ቢለወጥ ፍሪኩዌንሲው ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በቪን ወረዳ ግን ግንኙነቱ ቀጥተኛ ነውና ያው ካፓሲተር አሥር እጥፍ ያዳርሳል፤ ስለዚህ በሦስት እርከን ከ20 እስከ 20,000 ሄርትዝ፣ ማለትም የሰው ጆሮ የሚሰማው ክልል በሙሉ፣ ተጠቃለለ። ዋጋው የተከፈለው በሬዚስተሮቹ በኩል ነው፤ 1,000 ፒኮፋራድ ላለው ካፓሲተር 35 ሄርትዝ ለማውጣት 4.5 ሚሊዮን ኦም የሚሆን ሬዚስተር ስለሚያስፈልግ፣ በዚህ ከፍታ አቧራና እርጥበት እንኳ እንደ ተጨማሪ ሬዚስተር ሆነው ሒሳቡን ያበላሻሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ተነግሯልና በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሄውሌትና ጓደኛው ዴቪድ ፓካርድ በ538 ዶላር መነሻ ገንዘብ በፓሎ አልቶ ከተማ አዲሰን ጎዳና ቁጥር 367 በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ቤት ውስጥ ሥራ ጀምረው ከጥር 1 ቀን 1939 አንሥቶ ሽርክናቸውን መሠረቱ፤ የማን ስም እንደሚቀድም የወሰኑት ሳንቲም በመወርወር ነበር። የመጀመሪያው ኦሲሌተራቸው 200ኤ ተባለ፤ ቁጥሩ የተመረጠው ድርጅቱ ገና ጀማሪ መሆኑ እንዳይታወቅ ነው። ዋጋውን 54 ዶላር ከ40 ሳንቲም ያደረጉት በሒሳብ ሳይሆን በ1840ዎቹ የኦሪገን ድንበር ክርክር ላይ ይነሣ የነበረውን 54 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ የሚል መፈክር ስላስታወሳቸው ነው፤ ወዲያውም በዚህ ዋጋ ሠርተው እንደማያዋጣቸው ተረዱ። ያዳናቸው የተፎካካሪ ኩባንያ መሣሪያ 400 ዶላር ገደማ መሆኑ ነው፤ በሁለቱ ዋጋ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ስሕተታቸውን እንዲያርሙ ፈቀደላቸው። የመሣሪያው ፊት ለፊት ቀለም የሚደርቀው በፓካርድ ባለቤት በሉሲል የወጥ ቤት ምድጃ ውስጥ ነበር። የዋልት ዲዝኒ ስቱዲዮ የድምፅ ኃላፊ ባድ ሃውኪንስ ጥቂት ማሻሻያ ጠይቆ ስምንት 200ቢ የተባሉ ኦሲሌተሮችን እያንዳንዳቸውን በ71 ዶላር ከ50 ሳንቲም ገዛ፤ ያገለገሉትም በ1940 ለታየው ፋንታሲያ ለተባለው ፊልም የድምፅ መሣሪያዎች ዝግጅት ነው። የሄውሌት የፈጠራ መብት በ1942 ጥር ወር ተረጋገጠ፤ የመኪና ማቆሚያ ቤቱም በኋላ የካሊፎርኒያ ታሪካዊ ስፍራ ሆኖ ተመዘገበ።

የመኪና ማቆሚያ ቤቱ ዝና ግን የሙያውን ታሪክ በጥቂቱ ሸፍኖታል ማለት ይቻላል። ሄውሌት አምፖልን ለዚህ ሥራ ያዋለ የመጀመሪያው ሰው አልነበረም፤ ከሬዚስተርና ከካፓሲተር ኦሲሌተር በመሥራትም ስኮት ቀድሞታል፤ ድልድዩም እሱ ከመወለዱ በፊት የተሠራ ነው። የእሱ ድርሻ የእያንዳንዱን ጥቅም ከሌላው ድካም ጋር ማመዛዘኑና የሚቻም አምፖል ለክሪስታል ብቻ ሳይሆን በማዞሪያ ለሚለዋወጥ ፍሪኩዌንሲም እንደምትበቃ ማየቱ ሲሆን፣ ይህ ቀላል የሚመስለው በወረቀት ላይ ሲነበብ ብቻ ነው። ከ1 በመቶ ያነሰ መዛባት ከአንድ ጠረጴዛ ላይ ካሉ ርካሽ ዕቃዎች ማውጣት በዚያን ጊዜ ተሰምቶ አይታወቅም ነበር።

ትራንዚስተር ቲዩብን ሲተካና በ1960ዎቹ መጨረሻ ኦፕአምፕ የተባለው፣ በአንዲት ጥቁር ቅርፊት ውስጥ የታሸገ ሙሉ ማጉያ፣ በጥቂት ገንዘብ መሸጥ ሲጀምር ወረዳው ከላቦራቶሪ ወጥቶ በየቤቱ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሆነ። ለ1,000 ሄርትዝ ሁለት 10 ናኖፋራድ ካፓሲተሮችና ሁለት 15.9 ኪሎኦም ሬዚስተሮች ከአንድ ኦፕአምፕና ከአንድ ጠባቂ ጋር በቂ ናቸው። የጠባቂው ነገር ግን አሁንም አከራከረ። አምፖል ለአዲሶቹ ደካማ ማጉያዎች ብዙ ኤሌክትሪክ ትጠይቃለች፤ ስለዚህ አንዳንዱ ቴርሚስተርን፣ ማለትም ሲሞቅ ተቃውሞው የሚቀንሰውንና በብርጭቆ ውስጥ የታሸገውን ፍሬ፣ በተቃራኒው ክንድ ላይ አስገባ፤ ይህ በደንብ ቢሠራም ከቀረው ወረዳ ሁሉ የሚወደደው እሱ ሆነ። ሌላው ሁለት ዳዮዶችን፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉ ዕቃዎችን፣ ጀርባና ፊት አጋጥሞ በጥቂት ሳንቲም ተገላገለ፤ ዳዮድ ግን ያ ችኩል ጠባቂ ነው፤ የእያንዳንዱን ሞገድ ጫፍ ይጫናልና ንጽሕናው ይጎድላል። ሦስተኛው መንገድ በቮልቴጅ የሚታዘዝ ትራንዚስተርን እንደ ተለዋዋጭ ሬዚስተር መጠቀም ነበር፤ ይህም የሞገዱን ቁመት ለክቶ ቀስ ብሎ የሚያዝ ተጨማሪ ወረዳ ይፈልጋል፤ ትራንዚስተሩም ሞገዱ ሲተልቅ እንደ ሬዚስተር መሆኑን ስለሚተው፣ ሠሪዎች በላዩ ካለው ቮልቴጅ ግማሹን ወደ መቆጣጠሪያ እግሩ በመመለስ ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ማዳከም ተማሩ።

ርካሽ ዕቃ ሁሉ እኩል አለመሆኑም በዚህ ዘመን በግልጽ ታየ። በ1968 የወጣውና እጅግ የተሠራጨው 741 ኦፕአምፕ መውጫውን በማይክሮሴኮንድ ከግማሽ ቮልት በላይ ማራመድ አይችልም፤ ጫፉ 10 ቮልት የሆነ 20,000 ሄርትዝ ሳይን ሞገድ ግን በፈጣኑ ነጥቡ በማይክሮሴኮንድ 1.26 ቮልት ስለሚጠይቅ፣ ሞገዱ ቀጥ ባለ መስመር እየተጎተተ የድንኳን ቅርጽ ይይዛል። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ የመጣው 5534 በማይክሮሴኮንድ 13 ቮልት ስለሚራመድ ይህን ችግር አስወገደው። ካፓሲተሮቹም እንዲሁ ናቸው፤ አንዳንድ ትናንሽ የሴራሚክ ካፓሲተሮች በላያቸው ያለው ቮልቴጅ ሲለዋወጥ መጠናቸው አብሮ ስለሚለዋወጥ ሳያስጠነቅቁ መዛባት ይጨምራሉ፤ ከፖሊስታይሪን ወይም ከፖሊፕሮፒሊን ፕላስቲክ የተሠሩት ግን ጥቂት ሳንቲም ብቻ ጨምረው ከዚህ ነጻ ናቸው።

የሊኒየር ቴክኖሎጂ ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ጂም ዊልያምስ (1948–2011) በ1990 ገደማ ወደ ሄውሌት ወረዳ ተመልሶ በዘመኑ ዕቃ ምን ያህል እንደሚነጻ መረመረ፤ በ1991 በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ማክስ ቪንን፣ ሄውሌትንና ዝናባማ እሑድን በርእሱ የሚጠራ ምዕራፍ ጽፎበታል። በመጀመሪያ አምፖሏን እንዳለች በኦፕአምፕ ላይ ገጠማት፤ ውጤቱ መልካም ነበር። ከዚያ አምፖሏን አንሥቶ በታሸገ ጥቁር ቅርፊት ውስጥ ኤልኢዲ ብርሃን በሚያበራባት የብርሃን ሬዚስተር ተካት፤ ኤልኢዲውን የሚያዝዘው የሞገዱን ቁመት የሚለካ ሌላ ማጉያ ነው። ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ የቀረው መዛባት ካልተጠበቀ ቦታ መጣ፤ በቪን ወረዳ የኦፕአምፑ ሁለት መግቢያዎች አብረው ከሞገዱ ጋር ስለሚወጡና ስለሚወርዱ፣ ማጉያው ይህን የጋራ መወዛወዝ ፍጹም አድርጎ አይሽረውም። ዊልያምስ አንድ ማጉያ ጨምሮ የድልድዩን መካከል በዜሮ ቮልት ላይ እንዲቆም አደረገው፤ ድልድዩ ሲወዛወዝ መግቢያው ረግቶ ቀረ። የደረሰበት መዛባት 0.0003 በመቶ ነበር፤ ይህም በ1 ቮልት ሞገድ ውስጥ 3 ማይክሮቮልት ማለት ሲሆን፣ በዚህ ደረጃ የመለኪያው የራሱ ጫጫታ ከሚለካው ነገር ጋር ይፎካከራል።

አንድ ነገር ግን ከ1939 ወዲህ አልተለወጠም። በማዞሪያ የሚለዋወጥ ኦሲሌተር ላይ ፍሪኩዌንሲው በተቀየረ ቁጥር ሁለቱ ሬዚስተሮች ወይም ሁለቱ ካፓሲተሮች ፍጹም እኩል ስለማይራመዱ የሞገዱ ቁመት ለቅጽበት ይዋዥቃል፤ በዝቅተኛው ክልል፣ ለምሳሌ በ20 ሄርትዝ፣ አንዱ ዙር 50 ሚሊሴኮንድ ስለሚፈጅ ጠባቂው ከዚያ ይበልጥ መዘግየት ይገባዋል፤ ስለዚህ ማዞሪያውን ያዞረ ሰው እጁን መልሶ የመለኪያው መርፌ ዋዥቆ እስኪረጋ ድረስ ይጠብቃል።